ሐምሌ ላይ 14 በጎ ፈቃደኞች እየመጡ ነው፤ ምን እናሠራቸው?

አስተባባሪዋ · ሰኔ 9

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ይቅርታ።

የምሠራው እዚሁ ጅማ፣ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ስሙን አልጽፍም። የምታውቁት ካላችሁም እባካችሁ እንዳትጽፉት። 38 ልጆች አሉን። ትንሿ አራት ዓመቷ ነው፣ ትልቁ 17። ሐምሌ 6 ከውጭ አገር የአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሽን ቡድን ይመጣል። 14 ሰው፣ ለ12 ቀን። «ምን እንሥራላችሁ?» ብለው ጻፉልኝ። ማመን አቃተኝ። ከዚህ በፊት የመጡት ጠይቀው አያውቁም።

አምና የመጡት የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ ቀብተው፣ ቀጭኔና ዝሆን ሥለውበት ሄዱ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ነበር፣ አልዋሽም። ግን ጅማ ላይ ቀጭኔ ምን ትሠራለች? ጉሬዛ ቢሥሉ እንኳ ዛፍ ላይ ያለውን እያሳየን እናወራበት ነበር። ለማንኛውም መስከረም ሳይጠባ ቀጭኔዋ ከአንገቷ ጀምሮ ተላጠች። አሁን የቀረው እግሯ ብቻ ነው።

ያለብንን ልንገራችሁ። ሽንት ቤቱ አራት ቀዳዳ ነው፣ አንዱ ተዘግቷል። ዝናብ ሲበረታ ጉድጓዱ ይሞላና ሽታው እስከ ወጥ ቤት ይመጣል። የመኝታ ክፍሉ ጣሪያ ሁለት አልጋ ላይ ያፈሳል፣ ሳፋ ደቅነን ነው የምናድረው። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ያለን ደግሞ አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ። ወጥ ቤቱ ጭስ በጭስ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ግን መጫወቻ ይሠራልን ብለዋል። ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴ። ፎቶ ላይ ያምራል ነው ነገሩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቀድማላችሁ?

አቦል · ሰኔ 9

ቡና ይልቀሙልን እንዳልል ሐምሌ ነው፣ ገና አረንጓዴ ነው። ጭቃ ያቡኩ እንግዲህ። ጅማ ላይ በሐምሌ የማያልቅ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ለሳኙ · ሰኔ 9

እህቴ፣ 22 ዓመት ልስን ሠርቻለሁ። ክረምት ላይ ቀለም የሚባል ነገር እንዳታስነኪያቸው። ቀጭኔሽን የላጣት የቀለሙ ጥራት አይደለም። አዲስ ልስን በደረቅ ወራት እንኳ በደንብ እስኪደርቅ አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል። በሐምሌ ጅማ ውስጥ አሮጌውም ግድግዳ እርጥብ ነው፣ ከመሠረቱ ውሃ ይመጥጣል። እዚያ ላይ ቀለም ስትቀቢ ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶት ይወጣል። እነሱ የሚመጡት የእነሱ በጋ ስለሆነ ነው፣ ትምህርት ቤታቸው ሲዘጋ። ለእኛ ደግሞ ክረምት ነው። በየዓመቱ ይኸው ነው።

ጣሪያውን ግን ንገሪኝ። የሚያፈሰው በቆርቆሮው ድርርብ ነው ወይስ በምስማሩ? ምስማሩ የተመታው የቆርቆሮው ጀርባ ላይ ነው ወይስ ገንዳው ውስጥ? ገንዳው ውስጥ ከሆነ የሠራው ሰው ውሃው በሚወርድበት መንገድ ላይ ቀዳዳ በስቶልሻል ማለት ነው።

አስተባባሪዋ · ሰኔ 10

ጋሼ ለሳኝ፣ ጥበቃችንን መሰላል አስይዤ ራሴ ወጣሁ። ልጆቹ ከታች ሆነው ሳቁብኝ። ገንዳው ውስጥ ነው! ከምስማሩ ሥር ጎማም የለውም። ዙሪያው ዝጓል፣ ጣቴን አስገብቼ ብዙም ሳልገፋ ተሰበረ።

ለሳኙ · ሰኔ 10

በቃ፣ እሱ ቆርቆሮ ይነሣና አዲስ ይመታል። የሁለት ባለሙያ ሥራ ነው፣ 14 ሰው አይፈልግም። ግን ክፍሉ ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ባዶ መሆን አለበት። በሐምሌ ጣሪያ ከፍተሽ ሕፃን አታስተኚም።

ኪቶ ፉርዲሳ የተማርኩ · ሰኔ 10

ሲቪል ምህንድስና ነው ያጠናሁት። ስለ ሽንት ቤቱ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከመኝታ ቤቱ ክዳን የሚወርደው ዝናብ የት ነው የሚያርፈው?

አስተባባሪዋ · ሰኔ 10

አንዱ ጎን ግቢው ውስጥ። ሌላው ጎን... እእእ። ሽንት ቤቱ ጀርባ። አሸንዳ የለውም።

ኪቶ ፉርዲሳ የተማርኩ · ሰኔ 11

ጠርጥሬ ነበር። ክዳኑ ስንት በስንት ነው?

አስተባባሪዋ · ሰኔ 11

በእርምጃ ለካሁት፣ 16 በ9 ሜትር ገደማ።

ኪቶ ፉርዲሳ የተማርኩ · ሰኔ 11

እሺ፣ አብረን እናስላ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ክዳናችሁ 144 ካሬ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ፣ እሱም ለሐምሌ ጅማ ብርቅ አይደለም፣ 2,880 ሊትር ውሃ ከጣሪያችሁ ይወርዳል። የሚባክነውን 20 በመቶ ቀንሱና 2,300 በሉት። ሮቶሽ በአንድ ዝናብ ሞልቶ ይፈሳል። ጅማ በዓመት የምታገኘው 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከዚያ ጣሪያ በዓመት ከ170 ሺህ ሊትር በላይ መያዝ ይቻላል። አሁን ግማሹን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ እየከተታችሁት ነው። ከዚያ ደግሞ ውሃ ጠፋ ብላችሁ ጀሪካን ይዛችሁ ትሰለፋላችሁ።

ስለዚህ ሽንት ቤት አትሥሩ። አሸንዳ ሥሩ። ለ38 ልጅ ሦስቱ ቀዳዳ በቁጥር አያንሳችሁም፣ አራተኛውን ከጠገናችሁ ደግሞ ይተርፋችኋል። ጉድጓዱን የሚሞላው ልጆቹ አይደሉም፣ ዝናቡ ነው። የጉድጓዱን አፍ 30 ሳንቲም ያህል ከፍ አድርጋችሁ በአርማታ ዝጉት፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩ። ቦይ ቁፋሮ ለ14 ሰው ጥሩ ሥራ ነው፣ ሙያ አይጠይቅም፣ ጉልበት ብቻ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቤታችሁ ወደ አወይቱ ወንዝ ዝቅ ያለ ሰፈር ከሆነ ውሃው ከሥርም ስለሚገባ ይሄ ብቻውን አይበቃም። ከፍ ያለ ቦታ ከሆናችሁ ይበቃል።

አስተባባሪዋ · ሰኔ 11

ከፍ ያለ ቦታ ነን። ስድስት ዓመት እዚህ ሠርቼ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ ያንን ክዳን አላየሁትም። የጣሪያውን ውሃ ልጆቹ ሊጠጡት ይችላሉ?

ኪቶ ፉርዲሳ የተማርኩ · ሰኔ 11

ለልብስ፣ ለዕቃ፣ ለሽንት ቤት ዓይንሽን ጨፍነሽ ተጠቀሚበት። ለመጠጥ ከሆነ አፍልተሽ ወይም ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያውን) ጨምረሽ። የመጀመሪያውን ዝናብ ደግሞ ወደ ሮቶው አታስገቢው፣ ድፍት ይበል። የወፍ ኩስና አቧራ አጥቦ ነው የሚወርደው።

አቦል · ሰኔ 11

የ14 ሰው የአውሮፕላን ትኬት ስንት ሜትር አሸንዳ ይገዛል? እየጠየቅኩ ነው ብቻ።

ሲያትል ነኝ · ሰኔ 12

እኔ እንዲህ ካለ ቡድን ጋር ሦስት ጊዜ አገር ቤት መጥቻለሁ፣ ስለዚህ መሰደብ ካለብኝ ቀድሜ ልቀመጥ። አንዴ ሻንጣ ሙሉ ይዘን የመጣነው የውሃ ፓምፕ ባለ 110 ቮልት ነበር። የእኛ አገር 220 መሆኑ ከመካከላችን ለአንድ ሰው እንኳ ትዝ አላለውም፣ ለእኔም ጭምር። ሰክተነው ደቂቃ አልቆየም። ሌላ ጊዜ የበር መቃን አቆምን፣ ሜትራችን በኢንች ነበር። ከገበያ የተገዛው በር አልገባ ብሎ አናጺው አንድ ቀን ሙሉ ሲልገው ዋለ። ቃል አልተናገረንም። ዝምታው ነው እስካሁን የሚያሳፍረኝ።

አቦል ግን ሒሳቡ እንደምታስበው አይደለም። ትኬቱ ቢቀር ገንዘቡ ወደ ጅማ አይመጣም፣ ከነጭራሹ አይሰበሰብም። ሰው የሚያዋጣው የጎረቤቱ ልጅ ሲሄድ ነው። አንዱ ሄዶ ያንን ሽንት ቤት ካየ ደግሞ ተመልሶ ዓመት ሙሉ ሰው ያስቸግራል። እኛ ቤተ ክርስቲያን እስካሁን የአንድ ቤት የነርስ ደመወዝ የምትከፍለው አንዲት ጡረተኛ አለች፣ የመጣችው አንዴ ብቻ ነው። እና እህቴ፣ ዝርዝሩን ከነዋጋው ላኪላቸው። አትፈሪ። «የምታመጡትን ገንዘብ እዚሁ ጅማ መርካቶ ዕቃ እንግዛበት፣ ሻንጣችሁን ቀላል አድርጉ» በያቸው። ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቀየሙም።

ያደግኩበት ቤት · ሰኔ 12

ከሰባት እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ያደግኩት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ጅማ አይደለም፣ ሌላ ከተማ። እስካሁን ያነበብኩት ስለ ቆርቆሮ ነው፣ ጥሩ ነው፣ እኔ ስለሌላ ነገር ልጻፍ።

እንግዳ ሲመጣ እንዘምር ነበር። ሁሌ ያው ሦስት መዝሙር። ከእንግዶቹ አንዷ ታቅፈኝና ከምሳ እስከ ማታ አትለቀኝም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ነጩ ሚኒባስ ይመጣል፣ ሁሉም ያለቅሳሉ፣ ይሄዳሉ። ትንንሾቹ በማግስቱ ምግብ አይበሉም ነበር። እኔ ከስንተኛው ቡድን በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ማልቀስ ተውኩ። ሞግዚቶቹ «ጎበዝ፣ አደገ» አሉኝ።

ስለዚህ ቦይ ይቆፍሩ። ግድግዳ ይገንቡ። ልጆቹን የሚያቅፈው ሁሌ የሚያቅፋቸው ሰው ይሁን።

አንድ ነገር ላክልበት። ያኔ ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም እንጂ ብጠየቅ ቁልፍ ያለው ሳጥን እል ነበር። ሌላ ምንም። ማሳደጊያ ውስጥ ካልሲህም የጋራ ነው። ከእናቴ የቀረችኝን አንዲት ፎቶ ፍራሽ ሥር ነበር የማስቀምጣት፣ አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ፍራሹ ራሰ፣ እሷም ከፍራሹ ጋር ተጣበቀች። ላላቅቃት ስል ፊቷ ፍራሹ ላይ ቀረ።

አስተባባሪዋ · ሰኔ 12

ወንድሜ፣ ቢሮ ነው ያነበብኩት። በሩን ዘጋሁት።

ሶሻል ወርከር ነኝ · ሰኔ 13

እኔም የምሠራው በዚሁ ዘርፍ ነው። «ያደግኩበት ቤት» ያለውን ዓለም ዘግይቶ ነው የሰማው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቀው መመሪያ ማሳደጊያ የመጨረሻ አማራጭ ነው የሚባለው፣ መጀመሪያ ቤተሰብ፣ ከዚያ ዘመድ። በ2019 ደግሞ ያው ጉባኤ በሕፃናት ማሳደጊያ የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉዞ ልጆችን ሊጎዳ እንደሚችል በውሳኔው አንሥቷል። እናንተ ቤት ከ38ቱ ስንቱ ዘመድ አላቸው?

አስተባባሪዋ · ሰኔ 13

21ዱ እናት ወይም አባት ወይም አያት አላቸው። ወደ አጋሮ፣ ሰቃ፣ ሊሙ፣ ዴዶ። ብዙዎቹ የመጡት በድህነት ነው እንጂ ሰው አጥተው አይደለም። ይህን ለእንግዳ አንናገርም።

ሶሻል ወርከር ነኝ · ሰኔ 13

እንግዲያው ሐሳብ ላምጣ። ትምህርት ተዘግቷል። ጣሪያው ሲከፈት ክፍሉ ባዶ መሆን አለበት ተብሏል። ዘመዶቻቸው ፈቃደኛ የሆኑትን፣ ቤታቸው የተጎበኘውን ልጆች በዚያ 12 ቀን ዘመድ ጋ ላኪያቸው፣ ከመጓጓዣና ከቀለብ ጋር። ቡድኑ ይህን ወጪ ይሸፍን። ለወደፊትም ማን ጋ መመለስ እንደሚቻል ታዪበታለሽ።

የሚመጡትን ደግሞ ከአገራቸው የፖሊስ ማስረጃ አምጡ በያቸው። ልጅ ብቻውን ከእንግዳ ጋር ክፍል አይገባም፣ ከግቢ አይወጣም፣ ፊቱ የሚታይ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። ቅር የሚለው ካለ እሱ ባይመጣ ይሻላል።

የጅሬን ልጅ · ሰኔ 14

አንድ ነገር በቅንነት ልጠይቅ፣ ጠብ አይደለም። ጅማ ነው ያለነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች እንደሚሆኑ መገመት አይከብድም። ሚሽን ከተባለ ስብከት አለ?

ደግሞ ልጆቹ የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ከሆነ አስተርጓሚው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ብቻ እንዳይሆን። አንዴ አይቻለሁ፣ ፈረንጁ ይቀልዳል፣ አስተርጓሚው በአማርኛ ይስቃል፣ ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ሶሻል ወርከር ስላለው ደግሞ፣ ይሄ ለእኛ አዲስ መመሪያ አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ነው ወደ አማርኛ የገባው። አያቴ ሁለት ልጆች በጉዲፈቻ አሳድጋለች፣ የትኞቹ እንደሆኑ እኔ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

አስተባባሪዋ · ሰኔ 14

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ስብከት እንደማይኖር በጽሑፍ እጠይቃለሁ፣ ጸሎታቸውን በማረፊያቸው ያድርጉ። የቋንቋውን ነገር በፍጹም አላሰብኩትም ነበር፣ ገለቶማ።

ሲያትል ነኝ · ሰኔ 14

አንዳንዶቹ ልጅ ወስደን እናሳድግ ማለታቸው አይቀርም። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በጥር 2010 ዓ.ም. በአዋጅ እንደተከለከለ ከአሁኑ ንገሪያቸው፣ እዚያ መጥተው ሕፃን ፊት እንዳያነሡት።

አስተባባሪዋ · ሰኔ 22

ዘግይቻለሁ። ስብሰባ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን «እንግዳ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ልጆቹ የሉም እንዴት ይባላል?» አሉ። ስለ መመሪያ ሳወራ ፊታቸው አልተፈታም። «ጣሪያው ሲከፈት የት ይተኛሉ?» ስል ነው ዝም ያሉት። ዥዋዥዌው ለጥር ተላለፈ።

ምግብ አብሳያችንንም ጠየቅኋት። 11 ዓመት ስትሠራ የጠየቃት የለም። የማዕድ ቤት ጠረጴዛ አትፈልግም። «ምድጃው ጭስ ማውጫ ይኑረው፣ ከመሬትም ከፍ ይበል» አለች። ስታወራኝ ዓይኗ ያነባ ነበር፣ ለካ ሁሌም ያነባል፣ እኛ ለምደነው ነው።

ዝርዝሩን ልኬላቸዋለሁ። አሸንዳና ሁለተኛ ሮቶ፣ ቦይና የጉድጓዱ አፍ፣ ጣሪያ፣ ምድጃ፣ 38 ሳጥን ከነቁልፉ። ቀለም የለበትም።

ያደግኩበት ቤት · ሰኔ 22

38 ነው ያልሽው?

አስተባባሪዋ · ሰኔ 22

38።

ለሳኙ · ሐምሌ 3

አርማታውን ስታፈሱ ሸራ ይዘጋጅ። ከፈሰሰ በኋላ ዝናቡ ወዳጅ ነው፣ ውሃ ማጠጣት ያስቀርልሻል። ሲፈስ ግን ጠላት ነው፣ ሲሚንቶውን አጥቦት ጠጠር ይቀርሻል። ጠዋት ጠዋት አፍስሱ፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ጅማ ሰማይ የሚያታልል የለም። እኔም ሁለት ቀን እመጣለሁ፣ ምሳ ብቻ።

አስተባባሪዋ · ሐምሌ 11

አምስተኛ ቀን። 14ቱም ከአንገት በታች ጭቃ ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ባለሙያ ነው፣ ከእኛ ቧንቧ ሠራተኛ ጋር ቋንቋ ሳይግባቡ ቀኑን ሙሉ በእጅ ምልክት ሲከራከሩ ይውላሉ። የእኛው አሸነፈ፣ የመገጣጠሚያው ጥርስ ከመጣው ዕቃ ጋር አልገጥም ብሎ መርካቶ ተሄዶ ተገዛ። ሁለት ልጃገረዶች ደግሞ ከልጆቹ ጋር ለምን ብዙ አንጫወትም ብለው ቅር ብሏቸዋል። የ«ያደግኩበት ቤት»ን ጽሑፍ ተርጉሜ ሰጠኋቸው። ስሙ እንደማይታወቅ ነግሬያቸዋለሁ። ምንም አላሉም፣ ከሰዓት በኋላ አካፋ አነሡ።

አሥራ ሦስት ልጆች ዘመድ ጋ ናቸው። ስምንቱ ዘመዶች ፈቃደኛ አልሆኑም፣ ወይ ቤታቸውን ስናየው አልሆነም።

አቦል · ሐምሌ 11

ጭቃ ያቡኩ ብዬ ነበር። ሰሚ አጣሁ እንጂ።

አስተባባሪዋ · መስከረም 16

ሄደዋል፣ ክረምቱም እያለቀ ነው፣ ቃል የገባሁትን ልጻፍ።

አሸንዳው ይሠራል። ነሐሴ ውስጥ ሮቶዎቹ ሞልተው የሚፈሱበት ቀን ነበር፣ ወደ ጎመኑ መራነው። ጉድጓዱ አልሞላም። ጣሪያው አያፈስም፣ ሳፋዎቹ ወደ ልብስ ማጠቢያ ተመልሰዋል። ምድጃው ግን አንድ ችግር አለበት፣ ጭስ ማውጫው አጠረና ነፋስ ሲኖር ጭሱ ይመለሳል። ቁመቱን እናስጨምራለን። የቦዩ አንዱ ጎንም ተንዷል፣ ድንጋይ መደርደር ነበረበት፣ ጋሼ ለሳኝ ነግሮን ነበር።

ዘመድ ጋ ከሄዱት ሦስቱ አልተመለሱም። አያታቸው ናቸው አላስመልስ ያሉት። ለቀለብ በየወሩ ትንሽ እንድንልክ ተስማምተናል፣ እሱን የሚሸፍነው ያ ቡድን ነው። ሥራ አስኪያጃችን የልጅ ቁጥር መቀነሱ አላስደሰታቸውም፣ በቁጥር ነው ድጋፍ የሚመጣው። እሱ ክርክር ገና ነው።

ሳጥኖቹን የሠሩት እዚሁ ያሉ አናጺዎች ናቸው። እንግዶቹ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉ። መጀመሪያ ቀን አብዛኞቹ ባዶ ሳጥን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት።

ያደግኩበት ቤት · መስከረም 16

ትርፍ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

አስተባባሪዋ · መስከረም 17

እኔ ጋ፣ ቢሮ። እስካሁን 11 ጠፍቷል። አንዱ ሽንት ቤት ነው የገባው፣ እያየነው።

ያደግኩበት ቤት · መስከረም 17

ሲጠፋባቸው አትቆጧቸው። እና ሳይጠሩሽ አትክፈቺ።

አስተባባሪዋ · መስከረም 17

አልከፈትኩም።